በእናቶች ቀን ሴንት ሄለንስ ጫፍ በስኪ፤ እቅዳችንን እዩልን

ዘነጠላው (ሲያትል) · መጋቢት 18

ሰላም ቤተሰብ። አራት ጓደኛሞች ነን። ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ከጀመርን አምስተኛ ክረምታችን ነው፤ ግን እስካሁን ሁሉም በሊፍት ነው። ሊፍቱ ያወጣሃል፣ ትወርዳለህ፣ ተመልሰህ ትሰለፋለህ። ዘንድሮ በራሳችን ጉልበት ወጥተን፣ ሰው ባልረገጠው በረዶ ላይ መውረድ አማረን።

ያሰብነው ሴንት ሄለንስን ነው፤ እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ያለውን እሳተ ገሞራ ተራራ። ቀኑ የእናቶች ቀን፣ ሜይ ሁለተኛው እሁድ። እዚያ ተራራ ላይ በዚያ ቀን ወንዱም ሴቱም ቀሚስ ለብሶ የመውጣት ልማድ አለ። ፎቶዎቹን ብዙ አየሁ። አበባ አበባ ያለው ቀሚስ ሞልቷል፣ የሀበሻ ልብስ ግን አንድም አላየሁም።

እናቴ እኔን ያሳደገችኝ ሌሊት ሌሊት ሆቴል እያጸዳች ነው። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ አላት፤ ከአገር ስትወጣ እናቷ የሰጠቻት። እሱን ጫፉ ላይ ለብሼ ፎቶ ልልክላት እፈልጋለሁ። እሷ አታውቅም። ሰርፕራይዝ ነው።

እቅዱ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ ማርብል ማውንቴን የመኪና ማቆሚያ እናድራለን። 10 ሰዓት እንነሳለን። ዎርም ፍሎውስ በሚባለው መንገድ እንወጣለን። ጫፉ 2,549 ሜትር ነው። እንጦጦ እንኳ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከፍታው አያሳስበኝም። ስኪና ቡት እንከራያለን። ምን ጎደለን?

---

ጎህ_ቀደደ (ፖርትላንድ) · መጋቢት 18

ሀሳብህ ልቤን ነካው። ሴንት ሄለንስን ስድስት ጊዜ ሞክሬ አራቱን ጫፉ ላይ ያለው የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ድረስ ደርሻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ፣ 10 ሰዓት ያልከው የሀበሻ ነው የፈረንጅ? ከሌሊቱ 10 ከሆነ ትንሽ ዘግይታችኋል። የፈረንጁ 10 ከሆነ ግን ጭራሽ አትነሱ። ከአራታችሁ አንዱ ተሳስቶ አላርም ቢሞላ ቀኑ ሄደ ማለት ነው። እቅዱን በአንድ አቆጣጠር ጻፉትና ለሁሉም ላኩ። እኔ ከዚህ በታች ሁሉንም በሀበሻ ሰዓት ነው የምጽፈው።

ሁለተኛ፣ እንጦጦን ተወው። እንጦጦ ስትወጣ መነሻህ አዲስ አበባ ነው፣ 2,400 ሜትር አካባቢ። ማርብል ማውንቴን ያለው 820 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ 1,700 ሜትር ዳገት በአንድ ቀን፣ ሸክም ይዘህ፣ በረዶ ላይ ትወጣለህ። ደርሶ መልሱ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ አያሸንፍህም። ዳገቱ ነው የሚያሸንፍህ።

ሦስተኛውና ዋናው በረዶው ነው። የፀደይ በረዶ የሰዓት ጉዳይ ነው። ቀን ፀሐይ ላዩን ታቀልጠዋለች፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ካለ መልሶ ይጠጥራል። ይህ ሲደጋገም በረዶው ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ፈረንጆቹ በበቆሎ ይመስሉታል፣ ለእኔ ግን ልክ ቅንጬ ነው። ንጋት ላይ መስታወት ነው፤ ብትወድቅ የሚያቆምህ የለም። 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ከላይ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ይለሰልሳል። ሥሩ ግን ጠንካራ ነው። ስኪው ራሱ ይዞርልሃል። ከእሱ የሚጣፍጥ በረዶ አላውቅም። ከቀትር በኋላ ደግሞ ገንፎ ይሆናል። ያኔ ጉልበትህ ድረስ ትሰምጣለህ፣ እርጥቡ በረዶም ከዳገቱ ይንሸራተት ጀመር።

ስለዚህ ሰዓት የምትቆጥሩት ከመውረጃው ወደ ኋላ ነው። 5 ሰዓት ላይ ለመውረድ፣ መውጫው ለጀማሪ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መንገድ ላይ መሆን አለባችሁ።

የራሴን ልንገርህ። የመጀመሪያ ጊዜዬ ሰው ስንጠብቅ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሳን። ጫፉ ጋ ስንደርስ 9 ሰዓት ሊሆን ነበር። ገንፎው ውስጥ ስንወርድ የአንዷ ጓደኛዬ ስኪ ሰመጠ፣ እሷ ግን ወደፊት ሄደች። ጉልበቷ ተጠመዘዘ። ሁለታችን ደግፈናት መኪናው ጋ የደረስነው መሽቶ፣ በባትሪ ነው። መንገዱን ሁሉ «ይቅርታ» ትለኝ ነበር። ያጠፋችው አንድም ነገር የለም። ያጠፋነው ጠዋት ነው።

---

ቦርደሩ (ታኮማ) · መጋቢት 19

ጎህ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ዕቃው ልጨምር።

የሪዞርት ስኪ ይዛችሁ አትምጡ። ተረከዝ የሚፈታ ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ ሲወጣ ተረከዙ ነፃ ይሆናል፣ ሲወረድ ይቆለፋል። ከስኪው ሆድ የሚለጠፍ ጨርቅ አለ፣ ስኪን ይሉታል። ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን ስለተኛ ወደፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን ይይዛል። የእኔ ስኖውቦርድ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ ስኪ የሚሆን ዓይነት ነው፤ አሠራሩ አንድ ነው።

ስኪኑ ላይ ያለው ሙጫ ከረጠበ አይይዝም። አንዴ ዳገት መሃል ላይ ሁለቱም ወልቀው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እስከ ጉልበቴ እየሰመጥኩ በእግር ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስኪኑን ባወለቅኩ ቁጥር ጃኬቴ ውስጥ፣ ሆዴ ላይ ነው የማደርገው። ሁለት የጎማ ማሰሪያና ትንሽ ፕላስተር ቴፕ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ንጋት ላይ ለሚኖረው መስታወት ደግሞ የስኪና የቡት ክራምፖን፣ ማለትም በረዶ የሚነክስ የብረት ጥርስ፣ እንዲሁም አይስ አክስ፣ የበረዶ መጥረቢያ። ሄልሜት። አይስ አክሱን አለመርሳት ብቻውን አይበቃም። ወድቆ በእሱ መቆምን ከጉዞው በፊት ዝቅ ያለ ዳገት ላይ ተለማመዱ። ደጋግማችሁ ውደቁ፣ እጃችሁ እስኪለምደው።

ኪራዩ ላይ አንድ ነገር፦ ቡቱን ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አድርጋችሁ ቁሙ፣ ደረጃ ውጡበት። ሊፍት ላይ ያልታወቀ ስፋት ዳገት ላይ ተረከዝ ይልጣል።

---

ዘነጠላው · መጋቢት 19

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሰዓቱ የሀበሻ ነበር፤ ወደ 9 አመጣነው። ስለ እንጦጦ የጻፍኩትም እውነትም ሳላስብ ነው።

ፈቃዱስ እንዴት ነው? ደግሞ ጎህ በረዶው ይንሸራተታል ያልሽው፣ የበረዶ ናዳ ሜይ ላይም ያን ያህል ያሰጋል? አንድ የማውቀው ልጅ በዚያ ሰዓት ቢከን (ናዳ የቀበረው ሰው የት እንዳለ በሬዲዮ ምልክት የሚያሳየውን መሣሪያ) የሚይዝ የለም ብሎኛል።

---

ጎህ_ቀደደ · መጋቢት 19

ፈቃዱ በኦንላይን ነው፤ ሬክሪዬሽን ዶት ጎቭ ላይ። ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከ4,800 ጫማ በላይ ለመውጣት እያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሜይ ወር ኤፕሪል 1 ጠዋት በፈረንጁ 7 ሰዓት ይከፈታል፤ በእኛ 1 ሰዓት ማለት ነው። ከሜይ 15 በኋላ የሚፈቀደው ሰው ቁጥር በጣም ይወርዳል። የእናቶች ቀን ከዚያ በፊት ስለሚውል ቦታ ይኖራል፣ ግን ቀኑ ተፈላጊ ነው። አካውንታችሁን አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ ካርዳችሁንም አስገብታችሁ ጠብቁ።

ቢከኑን እኔ እይዛለሁ። ሁልጊዜ።

---

ቦርደሩ · መጋቢት 19

እዚህ ላይ ትንሽ ልለይ። ሜይ ላይ ሌሊቱ በደንብ ከቀዘቀዘና በጊዜ ከወረድክ፣ በዚህ መንገድ ላይ የናዳው ስጋት አነስተኛ ነው። ብዙ ሰው ያለ ቢከን ሲወጣ አይቻለሁ። ኪራዩም ለአራት ሰው ብዙ ነው። ያንን ገንዘብ አይስ አክስና ክራምፖን ላይ ቢያውሉት እላለሁ።

---

የበርኑ (ስዊዘርላንድ) · መጋቢት 20

ከሩቅ ጣልቃ ልግባ፣ ይቅር በሉኝ። ቦርደሩ፣ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም።

እዚህ አልፕስ ላይ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ዳገት ላይ ነው። የእናንተም ተራራ ላይኛው ክፍል እዚያ ውስጥ ይገባል። በረዶ የዋጠው ሰው ዕድሉ በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። እኛ ጋ 1414 ስትደውል የሬጋ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ይመጣል። እሱ እንኳ በ15 ደቂቃ ውስጥ አግኝቶ ቆፍሮ አያወጣህም። የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ነው። ጓደኛህ ደግሞ ቢከን፣ ፕሮብ (በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ረጅም ዘንግ) እና አካፋ ከሌለው በባዶ እጁ ነው የሚያለቅሰው።

ሦስቱም አንድ ላይ ነው ዋጋቸው። ቢከን ያለ አካፋ የት እንደተቀበርክ ብቻ ይናገራል። አካፋውም የብረት ይሁን፤ የናዳ በረዶ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ነው የሚደርቀው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ስልክ ቢከኑን ይረብሻል። ሲወጣ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ። ፍለጋ ላይ ከሆናችሁ 50። ስልካችሁ የሱሪ ኪስ፣ ቢከኑ ደረት ላይ። ቪዲዮ እየቀረጻችሁ የምትፈልጉት ነገር የለም።

---

ቦርደሩ · መጋቢት 20

እሺ፣ ገብቶኛል። «ጓደኛህ ነው የሚያወጣህ» ያልከው ላይ መልስ የለኝም። ሁለት ትርፍ ቢከን አለኝ። ዘነጠላው፣ ላውሳችሁ። ሁለቱን ብቻ ተከራዩ። አንድ ቅዳሜ ተገናኝተን ፍለጋ እንለማመድ፤ መናፈሻ ሣር ላይም ይቻላል።

---

እህተ_ማርያም (ኬንት) · መጋቢት 21

እኔ ስኪ አልችልም። ነርስ ነኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ክሩን እስከ ታች ያነበብኩት በነጠላው ምክንያት ነው።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናንተ ሌሊት ወጥታችሁ የት እንዳላችሁ ቤት የሚያውቅ ማን ነው? ስንት ሰዓት ላይ ካልደወላችሁ ነው ሰው የሚጨነቀው? የድንገተኛ ክፍል ስሠራ ያየሁት ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰው የሚጎዳው በአደጋው ብቻ አይደለም። ማንም ሳይፈልገው በሚያልፈው ሰዓትም ነው።

ለእናትህ ንገራት። ሰርፕራይዙ ይቅር። ልጇ ተራራ ላይ መሆኑን ከሌላ ሰው አፍ የምትሰማ እናት መሆን አልፈልግም።

ምግብን በተመለከተ ተመስገን ነው። የእናቶች ቀን ሁልጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል፣ ጾም የለም። ጭኮ ያዙ። ገብስና ቅቤ ነው፣ ትንሹ ብዙ ያስኬዳል። ግን ቅቤው በብርድ ድንጋይ ስለሚሆን በትንንሹ ቆርጣችሁ የውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉት። በሶ ከማር ጋር በጥብጣችሁ በጠርሙስ ያዙ። ቆሎ ግን በጓንት አይዘገንም፤ በየመንገዱ ነው የሚበተነው። ውሃ ለሰው ሦስት ሊትር።

መነጽርና የፀሐይ ክሬም እንዳትረሱ። ጥቁር ነን ብላችሁ እንዳትተዉት። ንጹሕ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከአፍንጫ ሥር፣ ከአገጭ በታች፣ የጆሮ ውስጥ ሳይቀር ተቀቡ። ዓይን በበረዶ ሲቃጠል የሚሰማው ማታ ነው፤ አሸዋ ዓይን ውስጥ የገባ ያህል ያንገበግባል።

---

ጋሼ_ሬንተን · መጋቢት 21

ልጆቼ፣ በርቱ። እኔ ወደ ሲያትል የመጣሁት በ1983 ነው። ተራራው በፈነዳ በሦስተኛ ዓመቱ። ያኔ ለሥራ ወደ ፖርትላንድ እመላለስ ነበር። ቱትል ወንዝ ጋ ስደርስ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ከወንዙ የተቆፈረ አመድና ደለል እንደ ኮረብታ ተቆልሎ አያለሁ። ግራጫ ነበር፣ አንድ ሣር የለበትም። አሁን ዛፍ አብቅሎበታል። በዚያ የሚያልፍ ወጣት ተፈጥሮ የሠራችው ጉብታ ይመስለዋል።

የፈነዳው ሜይ 18፣ 1980 ጠዋት ነው። 57 ሰው ሞተ። ተራራው 2,950 ሜትር ነበር፤ 400 ሜትር ያህል አናቱን አጣ። እናንተ ጫፍ የምትሉት የተረፈው ጠርዝ ነው። ይህን አውቃችሁ ውጡ ብዬ ነው።

ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ ባንዲራችንን ይዞ ሲገባ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። የእሱ አገር አቋራጭ ስኪ ነበር፣ የእናንተ ሌላ ነው። ለእኔ ግን አንድ ነው። ፎቶውን እዚህ አውጡት።

---

ዘነጠላው · መጋቢት 22

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቱትልን ስንሻገር እርስዎን እናስባለን።

እህተ ማርያም፣ ሌሊቱን ስለጻፍሽው ሳስብ አደርኩ። ዛሬ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «ወረቀት አምጣ» አለች። የመኪናውን ታርጋ፣ የአራታችንን ስም፣ የመንገዱን ስም፣ የምንመለስበትን ሰዓት በእጇ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። እሁድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ካልደወልን 911 ትደውላለች። ስካማኒያ ካውንቲ ሸሪፍ የሚለውንም በአማርኛ ፊደል ጽፋዋለች፣ በስልክ እንዳይጠፋባት።

ነጠላውንም ራሷ አወጣችልኝ። ቀሚሱን ግን ከለከለች። «በእሱ ተራራ ይወጣል? ይጠልፍሃል» አለች።

አሁን አንድ ጥያቄ። ጠርዙ ላይ ስንደርስ ምን ያህል መጠጋት ይቻላል? ወደ ውስጥ ማየት እንፈልጋለን።

---

ጎህ_ቀደደ · መጋቢት 22

እናትህ ስለ ቀሚሱ ልክ ናት። ረጅም ቀሚስና ክራምፖን አብረው አይሄዱም። ሹሉ ጫፉን ይወጋና በአፍህ ትደፋለህ። መልበስ የፈለገ ሰው ከጉልበት በላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዘው። ነጠላውም ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ስትቆሙ ብቻ ይውጣ።

ስለ ጠርዙ የጠየቅከውን በጥሞና አንብበው፤ ለሦስቱም አንብብላቸው።

አማርኛ ላይ ኮርኒስ ስንል የቤት ጣሪያ ከውስጥ ነው የሚመጣልን። እዚህ ኮርኒስ የሚባለው ሌላ ነው። ክረምቱን ሙሉ ነፋስ በረዶውን ከደቡብ ወደ ሰሜን እየነዳ ጠርዙ ላይ ይከምረዋል። ክምሩ እያደገ እያደገ ከድንጋዩ አልፎ ባዶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። የቆርቆሮ ቤት ክዳን ከግድግዳው አልፎ እንደሚወጣው አስበው። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ሥሩ ምንም የለም። 600 ሜትር ያህል ወደ እሳተ ገሞራው አፍ ነው።

ከላይ ስታየው አይታወቅም። ሜዳ ነው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቁጭ ብለህ ፎቶ ተነሳ የሚል። የሌላ ሰው ዱካ እስከ ጫፉ ሄዶ ታያለህ። ዱካው ማስረጃ አይደለም። ሲሰበርም ጫፉ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ከኋላህ ነው የሚቆረጠው። በ2010 አንድ ተራራ ወጪ ፎቶ ሊነሳ ቆሞ አብሮት ወርዶ ሞቷል። በ2025ም ተራራውን እንደ ቤቱ የሚያውቅ ሰው ሞቷል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ጠርዙ ከመድረሴ በፊት ወደ ግራና ቀኝ እያየሁ እወጣለሁ። ጠርዙ ስለሚታጠፍ ከጎን ስታየው የተንጠለጠለው የት እንደሚጀምር ይታያል። ድንጋይ ወይም አፈር የወጣበት ቦታ ካለ እዚያ እቆማለሁ። ከሌለ መሬቱ መተኛት ሲጀምር ቆም እላለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። ወደ ውስጥ ያላየሁባቸው ሁለት ጊዜዎች አሉ። የሬኒየር፣ የአዳምስና የሁድ ተራሮች ግን ከዚያው ከቆምክበት ይታያሉ።

እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛ የመመለሻ ሰዓት፦ 5 ሰዓት ተኩል ላይ የትም ብትሆኑ ትዞራላችሁ። ሁለተኛ፣ ማንም ብቻውን አይመለስም። አንዱ ከደከመው ሁለት ይወርዳል። ይህን እታች ሆናችሁ፣ ሳትደክሙ ወስኑ። እላይ ክርክር ነው።

---

የበርኑ · መጋቢት 22

ሌሊቱ መቀዝቀዙን እንዴት ታውቃላችሁ? ትንበያ ብቻ አትመኑ። ሜይ ላይ እዚያ አገር የናዳ ማዕከሉ የዕለት ትንበያ ያቆማል፤ ስለዚህ ዓይናችሁ ነው። ደመና ካደረ በረዶው ብርድ ልብስ እንደለበሰ ቁጠሩት፣ አይጠጥርም። ስትነሱ ዘንጋችሁን በረዶው ላይ ምቱ። ቋ ካለ ሂዱ። ከሰመጠ ሻይ አፍሉና ተመለሱ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ይሁን አምስት፣ ነዳጁ ይቅር።

---

ዘነጠላው · መጋቢት 23

ፈቃድ ተገኘ! አራታችንም። ልክ 1 ሰዓት ላይ አራት ስልክ ይዘን ተቀምጠን ነበር።

---

ዘነጠላው · ግንቦት 4

ተመልሰናል። አራታችንም ደህና ነን። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ቅዳሜ ማታ ደረስን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ ከመኪናው ጀርባ ያለውን በረዶ በዘንግ መታሁት። ቋ አለ። የበርኑ፣ በዚያ ሌሊት ስምህን ጠራሁ።

ጫካው ውስጥ መጀመሪያ ላይ መንገዱ አፈር ስለነበር ስኪውን ቦርሳ ላይ አስረን ሄድን። ቸኮሌት ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ ጋ 11 ሰዓት ደረስን። ከዚያ ዛፉ አለቀ። ስኪኑን ለጥፈን ወጣን። ሲነጋ አዳምስ በቀኛችን መጀመሪያ ሐምራዊ ሆነ፣ ከዚያ ብርቱካን። ማንም አላወራም። የስኪ ክራምፖኑ በረዶውን ሲነክስ ክርር ክርር ይላል፣ እሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያው መሣሪያ አካባቢ፣ አንዱ ጓደኛችን ቆመ። ከአንድ ሱቅ የተከራየው ቡት ለእሱ ሰፊ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ግን ልክ ነው ብለውት ነበር፣ እሱም ቸኩሎ ደረጃ አልወጣበትም። ካልሲውን ስናወልቅ የተረከዙ ቆዳ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ተልጦ ካልሲው ላይ ቀረ። ይቀጥላል ብሎ ሞገተን። እንባው ግን እየመጣ ነበር።

ሁለት ይወርዳል ብለን ተስማምተናል። ሌሎቹ ሁለቱ ከእኔ የተሻለ ጉልበት ነበራቸው፤ እኔም እስከዚያ ድረስ ወደ ኋላ እየቀረሁ ነበር። ነጠላውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አጥፌ የያዝኩበትን ፌስታል ሳይቀር። ሲሄዱ ጀርባቸውን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

እኛ ወዲያው አልወረድንም። በረዶው ገና መስታወት ነበር። ቁስሉን አሽገን፣ ቦርሳችን ላይ ተቀምጠን፣ የእናቴን ጭኮ በላን። ከኪሴ ሲወጣ ለስላሳ ነበር። እህተ ማርያም፣ እጅሽ ይባረክ። በየሩብ ሰዓቱ በረዶውን በጣቴ እነካለሁ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጣቴ ትንሽ ገባ። ፍሬው በጣቴ መሃል ተንከባለለ። ቅንጬ። በቀስታ ወረድን። አሥራ ሁለት መታጠፊያ ቆጠርኩ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

ሁለቱ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ጠርዙ ጋ ደረሱ። ከጎን አይተውት ኮርኒሱ በጣም ወጥቶ ነበር። እነሱ ከደረሱበት ወደ ውስጥ የሚያሳይ ድንጋይ የለም፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ ሳያዩ ተመለሱ። ቀሚስ የለበሱ ሰዎች አጨበጨቡላቸው። ስለ ነጠላው የጠየቃቸው ሰውም ነበር።

7 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ ተገናኘን። ስልክ እንደያዘልኝ ለእናቴ ደወልኩ። ፎቶውን ከመጠየቋ በፊት «የልጁ እግር እንዴት ሆነ?» አለች። ከመቼው እንደነገሯት አላውቅም፤ ለካ እላይ ኔትወርክ ይዞላቸው ቀድመው ጽፈውላታል።

ፎቶው ይኸው። ጋሼ፣ ለእርስዎም ነው።

---

ጋሼ_ሬንተን · ግንቦት 4

አየሁት ልጄ። አተልቄ አየሁት። ኑሩልን።

---

እህተ_ማርያም · ግንቦት 4

ተመስገን። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ይጠበው፣ ያልተላጠውን ቆዳ አይቅደደው፣ በየቀኑ ይቀይረው። ከቀላ ወይም ከሞቀው ሐኪም ይየው። እናትህስ ፎቶውን ስታይ ምን አለች?

---

ዘነጠላው · ግንቦት 5

ለረጅም ጊዜ አየችው። በሁለት ጣቷ እየጎተተች ፊታቸውን አየች፣ ሰማዩን አየች። ከዚያ «ውይ ልጆቼ» አለች። «ጥለቱ አንገቱ ላይ ነው እኮ። እንዲህ የሚለበሰው ለቅሶ ቤት ነው። ለደስታ ከሆነ ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ።»

ጓደኛዬ እዚህ ተወልዶ ያደገ ነው፣ አያውቅም ነበር። ነፋሱም አጣድፎታል። ትናንት ማታ ቤት ጠርታው ራሷ አለበሰችው፣ መስተዋት ፊት አቁማ። ፎቶውን ግን በድጋሚ ትፈልጋለች።

---

ጎህ_ቀደደ · ግንቦት 5

እንግዲያው ጁን ላይ አዳምስ አለ። 3,743 ሜትር፣ ይሄኛው ከእንጦጦም ይበልጣል። ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ኮታ ግን የለውም። በደቡቡ መንገድ ነው የምንወጣው፤ ጫፉ ሰፊ ስለሆነ ተረጋግቶ ነጠላ ለመልበስ ይመቻል። እኔና አንዲት ጓደኛዬ በወሩ ሦስተኛ ሳምንት እንሄዳለን፣ መኪናው ላይ ሁለት ቦታ አለ። የጓደኛህ ተረከዝ እስከዚያ ከዳነ ሦስት እናደርገዋለን። ቡቱን ግን እኔ ራሴ አብሬው ሄጄ ነው የማስለካው።